ኦሴጅ ጎዳና ላይ የተነበበ ወረቀት

የጫንኩትን የዶሮ ሥጋ ካንሳስ ሲቲ አራግፌ፣
ተሳቢውን ማደያው ጥግ አሳርፌ፣
በሰው መኪና ሌቨንወርዝ ገባሁ።
ስሟን የማውቀው ከአያቴ ፎቶ ጀርባ ነው፤
«ሌቨንዎርት፣ ፶፭ ዓ.ም.» ይላል በእርሳስ፣
ፊደሉ ሁሉ ወደ ቀኝ እንዳዘነበለ።

ከተማዋ አጭር ናት፤
ወንዝ አላት፣ ወህኒ ቤት አላት፣ የጦር ትምህርት ቤት አላት።
ሦስቱም ሰው ይወስዳሉ፤
አንዳንዱን ይመልሳሉ።

ሻምበል ደርበው ካርታ ማንበብ እዚህ ተማረ፤
ቀይ እርሳስ ለጠላት፣ ሰማያዊ ለወገን፣
ኮረብታን በጣት መለካት፣
ወንዝን ሳይረጥቡ መሻገር።
ዓመት ከመንፈቅ ቆየ፤ ዲፕሎማ ተቀብሎ በረረ።
ከዚያ ያለውን እኛ ቤት ሁሉም ያውቃል፦
ሐረር፣ ማዕረግ፣ በመጨረሻም ጅጅጋ፣
«አልተመለሰም» የምትል የአንድ መስመር ደብዳቤ፣
እናቴ በላስቲክ ጠቅልላ ያኖረቻት።

የማናውቀው ከዚያ በፊት ያለውን ነበር።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤
እኔን የሳበኝ ግን ምራቅ ነው።
የሥራ ባልደረባዬ ለገና በሰጠኝ ብልቃጥ
ቀልድ መስሎኝ እንትፍ አልኩበት፣ በፖስታ ላክሁት፤
በስድስተኛው ሳምንት
ሎሬታ የምትባል ሴት፣ የስድሳ ሁለት ዓመት፣
«አንተ ማነህ?» ብላ ጻፈችልኝ።

በሩን የከፈተችው እናቴ ናት።
ማለቴ፣ የእናቴ ግንባር፣ ወደ ግራ የሚያጋድል ፈገግታዋ፣
የፖስታ ቤት ጡረተኛ ሹራብ ለብሶ።
«ግባ፣ ብርድ አታስገባ» አለችኝ፤
እናቴም እንግዳ ስትቀበል እንዲሁ ትቆጣለች።

እናቷ ኧርነስቲን የመኮንኖች ልብስ ተኳሽ ነበረች።
በእኛ ቋንቋ ጥይትም ሸሚዝም ይተኮሳል፤
ይህን ለሎሬታ ማስረዳት አቃተኝ።
ሻምበሉ ሸሚዝ ይዞ መጣ፤ ወሰደ፤ ደግሞ መጣ።
ማዕረጉን አይተው ቆዳውን ከበር የመለሱ ምግብ ቤቶች ነበሩ፤
የኧርነስቲን ኩሽና ውስጥ ይበላ ነበር፣
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ።
ሲሄድ ሎሬታ የሁለት ወር ልጅ ነበረች።

ከመኪናዋ ሊብሬና ከቤቷ ካርታ መሀል
አራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች።
«እናቴ እስክትሞት የፍቅር ደብዳቤ ነው ትል ነበር።
እኔ ጸሎት ይመስለኛል።
ልጄ ሁለተኛውን መስመር ክንዱ ላይ ተነቅሶታል።
አንብብልኝ።»

ያው ወደ ቀኝ ያዘነበለ ፊደል ነው። አወቅሁት።

ሸሚዝ ፭።
ካልሲ ፬ ጥንድ።
የጫማ ቀለም፣ ጥቁር።
የሻለቃ አምደሚካኤል ሦስት ዶላር፣ መመለስ።
ምላጭ።

ዝም አልኩ።
መዋሸት እችል ነበር፤ የሚያምር ውሸት ምላሴ ላይ ነበር።
ቀና ስል ግን የሚጠብቀኝ የእናቴ ግንባር ነው፣
እናቴን ደግሞ ዋሽቻት አላውቅም፤
ዋሽቻትስ አውቃለሁ፤ ሁሌ ትነቃብኛለች።

እንዳለ አነበብኩት።
ሎሬታ እስክታስል ሳቀች፣
«ምስኪን ልጄ! ካልሲ!» እያለች፤
ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፣
«ጨርሰው፣ ገና አለ» አለች፣ በጣቷ እያሳየችኝ።

የልጅቷ ጫማ። ቁጥሩን መጠየቅ።

የትኛዋ ልጅ?
ደብረ ብርሃን ያለችው፣ የሦስት ዓመቷ?
ወይስ እዚህ የልብስ ቅርጫት ውስጥ የተኛችው?
ወረቀቱ አይልም።
«ልጅቷ» ሲል፣ አንድ ብቻ ያለችው ያስመስላል።

ስልክ ደወልኩ፤ እዚያ ገና አልነጋም።
«እማዬ፣ አባትሽ ከአሜሪካ ጫማ አምጥቶልሽ ነበር?»
ዝምታው ረዘመ።
«ቸኮሌት ነው። የቆርቆሮ አውሮፕላንም።
ጫማ አላስታውስም። ምነው?»

ሎሬታን አየኋት።
ጥያቄው ያለ አስተርጓሚ ገብቷት ራሷን ነቀነቀች፤
እሷም አልደረሳትም።

የፈላው ውኃ እስኪበርድ ዝም ተባባልን።
ከዚያ፣ «ቁጥሯን ጠይቃት» አለችኝ።

«ሠላሳ ስምንት» አለች እናቴ፣
«ግራው ግን ያብጥብኛል።»